ከጎርፍ በኋላ፦ የሕፃናት የአእምሮ ጤናና የቤተሰብ ድርሻ በድሬዳዋ

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ። ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤት ንብረታቸው ወድሞ በጊዜያዊ መጠለያ ሰፈሩ። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ሰው የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉን የሚያመጣው በዋናነት ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች የሚጥለው ዝናብ በመሆኑ የከተማዋን ሰማይ አይቶ አደጋውን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በሌሊትና ሳይታሰብ የመጣ አደጋ በሕፃን አእምሮ ውስጥ ዝናብን ብቻ ሳይሆን ጨለማንና እንቅልፍንም የፍርሃት ምንጭ ሊያደርግ ይችላል።

ይህን መሰሉ ጉዳት እንደ ቁስል ወይም እንደ ተቅማጥ በግልጽ ስለማይታይ በጤና ተቋማት በቀላሉ ይታለፋል። ሕፃኑም “ፈራሁ” ብሎ ለመታከም አይመጣም። የሚመጣው ሆዱን ወይም ራሱን እያመመው ነው። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሲቀር ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል።

ምልክቶቹ በዕድሜ ይለያያሉ

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከእናታቸው መለየትን እምቢ ይላሉ፤ በሌሊት እየባነኑ ያለቅሳሉ፤ ትተውት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራሉ። ለትምህርት የደረሱት አደጋውን በጨዋታቸው እየደጋገሙ ያሳያሉ፤ ሐሳባቸው ይበታተናል፤ አደጋው የደረሰው በእነርሱ ጥፋት እንደሆነ የሚያምኑም አሉ። ወጣቶች ደግሞ ከሰው ይርቃሉ፤ ይቆጣሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ጫትና ወደ ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች ያዘነብላሉ። ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ ከአደጋ በኋላ የሚጠበቁ ናቸው። አብዛኞቹ ሕፃናትም ደኅንነት ሲሰማቸውና የዕለት ኑሯቸው ሲስተካከል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ።

ሕፃኑን በቤተሰቡ በኩል መርዳት

ሕፃን የአደጋን መጠን የሚለካው በወላጁ ፊት ነው። እናትየው ራሷ የሞተ ልጇን ወይም ባሏን እያሰበች እንቅልፍ ካጣች የተረፈውን ልጅ ማረጋጋት ይከብዳታል። ስለዚህ ባለሙያው ስለ ልጁ ከመጠየቁ አስቀድሞ እናትየው እንዴት እንደሰነበተች፣ እንደምትተኛና እንደምትመገብ፣ የሚያግዛት ዘመድ ወይም ጎረቤት እንዳላት መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ የሕክምናው አካል እንጂ የአክብሮት ሰላምታ ብቻ አይደለም።

ድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚነገርባት ከተማ ናት። ወላጅ ስለ ሐዘኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊናገር ይገባዋል። ለዚህ ሲባል ሕፃኑን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ጉዳት አለው፤ ልጁ የወላጁን ጭንቀት በራሱ አንደበት እንዲሸከም ያስገድደዋልና። ቤተሰቡ ሕመሙን ከጂን ወይም ከቡዳ ጋር ቢያያይዘው ማንቋሸሽ አይገባም። ጸበሉም ሆነ ዱዓው ልጁን እስካልጎዳው ድረስ ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል። መታሰር፣ መገረፍ ወይም መራብ ካለበት ግን በግልጽና በትሕትና ማስቆም ግዴታ ነው።

የሚደረገውና የማይደረገው

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለሚታይ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ለሕፃናት ዲያዜፓምንና መሰል መድኃኒቶችን መስጠት አይመከርም። የደነገጠን ልጅ ለማረጋጋት በቅድሚያ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

አልጋ ላይ የሚሸናን ልጅ መቅጣትና ማሳፈር ችግሩን ያባብሰዋል። ባለሙያው ይህን ለወላጆች ማስረዳትና ልጁ ደረቅ ሆኖ ባደረ ቀን እንዲመሰገን መምከር አለበት። የተፈጸመውን ሁሉ እንዲተርክ ማስገደድም አይገባም፤ ሲናገር ማድመጥ፣ ዝም ሲል አብሮ መቀመጥ ይበቃል። የሞተን ወላጅ “ሩቅ አገር ሄዷል” ማለት ለጊዜው ቢያቀልም ልጁ በከንቱ እንዲጠብቅና በኋላም የሚያሳድጉትን እንዳያምን ያደርገዋል። እውነቱን በአጭርና በለሰለሰ ቃል መንገር ይሻላል። የመኝታና የምግብ ሰዓትን፣ ጨዋታንና ትምህርት ቤትን ቶሎ ወደ ነበሩበት መመለስ ራሱ ፈውስ አለው።

መቼ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላካል?

ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ፣ ልጁ መማር ወይም መጫወት ካቃተው፣ ምግብ ከተወ ወይም ቤተሰቡ ሊንከባከበው ካልቻለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባዋል። ራሱን ለመጉዳት የሚናገር ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቆይም፤ በዚያው ዕለት ይላካል። እስኪደርስም ብቻውን አይተውም።

ችግሩ አደጋ በደረሰበት ቦታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአምቦ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከሕፃናቱ 17.7 በመቶ በሚሆኑት ላይ የባሕርይ ችግር መኖሩን አሳይቷል። መረጃው የተገኘውም ወላጆችን በመጠየቅ ነበር። ልጇን ታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት ዋናውን መረጃ ይዛ መጥታለች ማለት ነው። “ሌሊት እንዴት ያድራል?” ብሎ ለመጠየቅና መልሱን በትዕግሥት ለመስማት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም።