ርካሽ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ለምን ይቃጠላል?

በተለምዶ ዲቫይደር የሚባለው ማከፋፈያ የቀዳዳዎቹ ብዛት የአቅሙ መለኪያ አይደለም። 10 አምፔር የተጻፈበት ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚሸከመው 2 ሺህ 200 ዋት ሲኾን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል።

በብዙዎቹ ርካሽ ማከፋፈያዎች ውስጥ ያለው ሽቦ ቀጭን፣ ስፒናውን የሚይዘው ብረትም ስስ ነው። ብረቱ በተደጋጋሚ ሲሰካበትና ሲነቀልበት ይላላል፤ የላላው ቦታ ይግላል፤ ግለቱም ብረቱን ይበልጥ ያላላዋል። አሳሳቢው ነገር ብሬከሩ ይህን አለማወቁ ነው። ብሬከር የሚያቋርጠው በመስመሩ የሚያልፈው ኃይል ከልክ ሲያልፍ እንጂ አንድ ቀዳዳ ሲግል አይደለም። በአንዲት አምፖልና በአንድ ማቀዝቀዣ ብቻ የተቃጠለ ማከፋፈያ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ስፒናው ሲነቀል የሚያቃጥል ወይም ቀዳዳው የጠቆረ ማከፋፈያ በፕላስተር ተጠግኖ ሊሠራበት አይገባም። ምጣድ ደግሞ በባለሙያ የተዘረጋ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል።