ኮንፊሽየስ «ዝም ብለህ ታዘዝ» አላለም

የጥንቱ የቻይና ሊቅ ኮንፊሽየስ (551–479 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) ስሙ ሲነሳ ወላጅን ማክበርም አብሮ ይነሳል። ልክ ነው፤ የትምህርቱ ሥር እሱ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ማክበርን ከመገዛት ጋር ስናደባልቀው ነው።

ተረት፦ ጥሩ ልጅ አባቱ ያደረገውን ሁሉ ያለ ቃል ይቀበላል።

እውነታ፦ ቻይናውያን ስለ ኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር ስለ ዜንግ ሼን ሲያወሩት የኖሩት አንድ ታሪክ አለ። ዜንግ ሼን ማሳ ሲያርም ሳያስበው የሐብሐብ ሥር ቆረጠ። አባቱ ተናዶ በትልቅ ዱላ ጀርባውን ቢለው ራሱን ስቶ ወደቀ። ሲነቃ አባቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ደህና መሆኑን አውቆ እንዳይጨነቅም ክፍሉ ገብቶ ክራሩን እየመታ ዘፈነ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ልጁን የሚመርቀው ይመስላል። ኮንፊሽየስ ግን ተቆጣ፤ ደጄ እንዳይደርስ አለ። ለትንሽ በትር ይቆማል፣ ለትልቅ ዱላ ግን ይሸሻል ሲልም አስረዳ፤ ልጁ ቢሞት ኖሮ አባቱን ነፍሰ ገዳይ ያደርገው ነበርና። ታሪኩ የተጻፈው ከሊቁ ዘመን ብዙ ቆይቶ ቢሆንም ከትምህርቱ አይወጣም። ደቀ መዛሙርቱ ባሰባሰቡት ንግግሩ ውስጥም ልጅ ወላጁ ሲሳሳት በለዘበ አንደበት ሊመክረው ይገባል፤ ባይሰማው እንኳ አክብሮቱን አይቀንስም ይላል።

ታዲያ ያለ ቃል መታዘዝ ከየት መጣ? በአመዛኙ ሊቁ ካለፈ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ያኔ ንጉሥ በሹም፣ አባት በልጅ፣ ባል በሚስት ላይ የበላይ የሚሆኑበት ሥርዓት የመንግሥት ትምህርት ሆነ። ለገዢ የሚመች ትምህርት ዕድሜው ይረዝማል።

ተረት፦ ወላጅን ካበሉና ካለበሱ ይበቃል።

እውነታ፦ ኮንፊሽየስ ይህን የመለሰው ባጭሩ ነው፤ ውሻና ፈረስም ይቀለባሉ። ክብር ከሌለበት ልዩነቱ ምንድን ነው?

ተረት፦ ሽበት ብቻውን ያስከብራል።

እውነታ፦ ዩዋን ራንግ የሚባል ያረጀ የቆየ ወዳጁ ተዘርፍጦ ቢጠብቀው፣ ኮንፊሽየስ በልጅነትህ ትሕትና አልነበረህም፣ አድገህም የሚወራልህ ነገር አልሠራህም ብሎ ወቀሰውና ቅልጥሙን በበትሩ መታው።

ተረት፦ ትምህርቱ ሥር በሰደደባቸው አገሮች አረጋውያን በልጆቻቸው እቅፍ ያለ ችግር ይኖራሉ።

እውነታ፦ ቻይና ልጆች ወላጆቻቸውን በየጊዜው እንዲጠይቁ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። በዚያው ወር በውሺ ከተማ የሚገኝ ፍርድ ቤት አንዲት ሴት የ77 ዓመት እናቷን ቢያንስ በየሁለት ወሩ እንድትጠይቅ ወሰነ። ሲንጋፖርም ችግረኛ ወላጅ ልጆቹን ቀለብ የሚጠይቅበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥታለች።

በደቡብ ኮሪያ ደግሞ ከ10 አረጋውያን 4ቱ ገደማ በድህነት ይኖራሉ፤ ይህ ከበለጸጉት አገሮች መካከል እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ብዙዎቹ ያላቸውን ለልጆቻቸው ትምህርት ያፈሰሱ ወላጆች ናቸው። ብሔራዊ ጡረታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ስለሆነ በቂ መዋጮ ሳያጠራቅሙ አረጁ። ስለዚህ ችግሩን ሁሉ በልጆች ውለታ ቢስነት ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መንግሥትም ዕዳ አለበት።