ማሳ ላይ የተረጨው ዓሣው ልብ ላይ ሲደርስ

ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ብርብራን ያውቃል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ካፋ ውስጥ ደግሞ ብርብራ የቡና ጥላ ዛፍም ስለሆነ ፍሬውን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። አያቶቻችን ላብራቶሪ ሳይገቡ የደረሱበትን ነገር ሳይንስ በኋላ መጥቶ ሮቴኖን የሚል ስም አገኘለት። ሮቴኖን የሚያጠቃው ማይቶኮንድሪያን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ያለችውንና ምግብን ወደ ጉልበት የምትቀይረውን ትንሽዬ ሞተር ነው። ሞተሯ ስትቆም ዓሣው ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል።

ብርብራን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት ከሚሸጡት ፀረ-ፈንገስ ኬሚካሎች አንዱ ቤተሰብ፣ ስትሮቢሉሪን የሚባለው፣ የሚመታው ያችኑ ሞተር ነው፤ ሌላ ብሎን ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። አመጣጡ ራሱ ደስ ይላል። የጥድ ፍሬ ላይ የምትበቅል ትንሽ እንጉዳይ ጎረቤት ፈንገሶችን የምታባርርበት መርዝ ነበር። ጀርመን ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. ተለየ፣ ኩባንያዎች አሻሻሉት፣ በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። አዞክሲስትሮቢንና ፒራክሎስትሮቢን የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሞተሯ ፈንገሱም ዘንድ አለች፣ ዓሣውም ዘንድ አለች፣ እኛም ዘንድ አለች።

ከሁሉም የሰውነት ክፍል ደግሞ እረፍት የሌለው ልብ ነው። ስለዚህ ጉልበት ሲጠፋ ቶሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ዜብራ ፊሽ የምትባል የደቡብ እስያ ዓሣ ነው። ዕንቁላሏ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ የፅንሱን ልብ መቁጠር ይቻላል፤ ቀዶ ጥገና የለም፣ ምን የለም። ከተፀነሰች 24 ሰዓት ገደማ ልቧ መምታት ይጀምራል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ከዚያ ቱቦው ይታጠፋል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ሁለት ክፍል ያለው ልብ ይሆናል። ይቺ መታጠፍ ወሳኝ ናት፤ ደም የሚቀበለው ክፍልና የሚገፋው ክፍል ጎን ለጎን የሚቀመጡት በእሷ ነው።

የስትሮቢሉሪን፣ እንዲሁም ትሪያዞል የሚባለው የሌላው ቤተሰብ ኬሚካሎች ውሃው ውስጥ ሲገቡ በተደጋጋሚ የታየው ነገር ይመሳሰላል። ልብን የሚያቅፈው ከረጢት ውሃ ይቋጥራል፣ ያብጣል። መታጠፍ የነበረበት ቱቦ እንደ ክር ተወጥሮ ይቀራል። ምቱ ይዘገያል፣ ደም አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ትሪያዞሎች የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ ፈንገሱ የሴሉን ሽፋን (ሜምብሬን) የሚገነባበትን ቅባት መሥራት ያስቆማሉ። ለዚያ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ዘመድ ግን ዓሣም ሰውም ውስጥ አለ፤ እኛ ኮሌስትሮል የምንሠራው በእሱ ነው። ሐኪሞች ኬቶኮናዞል የተባለውን የፈንገስ ክኒን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሲያዙ የሚጠነቀቁት በከንቱ አይደለም፤ ሩቅ ዘመድ ነው።

አሁን ከብርብራ ጋር አነጻጽሩት። ብርብራ የበተነበት ወንዝ ውስጥ የሆነውን ሁሉም ሰው ያየዋል። ልቡ የተበላሸ የዓሣ ፅንስ ግን አይንሳፈፍም። ገና ትንሽ ስለሆነ ኦክስጅን በቆዳው በኩል ይገባለታል፣ ደም ሳይዘዋወርለት እንኳ ቀናት ይኖራል። ከዚያ ወይ ይሞታል፣ ወይ ደካማ ዋናተኛ ሆኖ ያድጋል። ይህ የላብራቶሪ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አላስካ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ነዳጅ ካፈሰሰች በኋላ በተደረጉ ምርምሮች፣ በፅንስነታቸው ጥቂት የነዳጅ ብክለት የነካቸው ዓሦች ደህና መስለው ካደጉ በኋላም የልባቸው ቅርጽ የተለየ፣ ዋናቸውም የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ኬሚካሉ ሌላ ነው፣ የጉዳቱ መንገድ ግን ይመሳሰላል። ቀስ ብሎ የሚዋኝ ዓሣ ደግሞ የሌላ ዓሣ ምሳ ነው። ዓሣ አጥማጁ የሚያየው መረቡ መቅለሉን ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልበል፦ ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚጠቀሙት መጠን በወንዝ ውስጥ በተለምዶ ከሚለካው ከፍ ያለ ነው። በተለይ ትሪያዞል ጉዳት የሚያደርሰው በዛ ሲል ነው። ስትሮቢሉሪን ላይ ግን ልቤ አይረጋጋም፤ ፒራክሎስትሮቢን ትራውት የተባለውን ዓሣ በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም መጠን ይገድላል። እስቲ እናስላው። አንድ ግራም ኬሚካል 100,000 ሊትር ውሃን በሊትር 10 ማይክሮግራም ያደርሳል። ይህ ማለት አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሃያ ማለት ነው። ከአንዲት ግራም! የሚታዘለውን መርጫ ምንጭ ዳር ማጠብና ባዶውን ጠርሙስ ለውሃ መቅጃ መጠቀም በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች ደጋግሞ የሚነሳ ልማድ ነው፤ ግራም ደግሞ ጠርሙስ ታች የሚቀር ነገር ነው።

ወደ ካፋ ስንመጣ ነገሩን የሚያከብደው ወቅቱ ነው። የፈንገስ በሽታ የዝናብ ልጅ ነው። ድንች የሚመታው ምች፣ ስንዴ የሚመታው ዋግ፣ ሁሉም እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ርጭቱም የሚበዛው ያኔ ነው። ጎርፍ ከማሳ ወደ ጅረት የሚወርደውም ያኔ ነው። ብዙ ወንዝ ወዳድ ዓሦቻችን የሚራቡትም ያኔ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ገባር ወንዞችን ሽቅብ እየወጡ ጠጠር ላይ እንደሚጥሉ በደንብ የተጠና ነው፤ ዘመዶቻቸው በጎጀብና በኦሞ ተፋሰስም ይኖራሉ። እንግዲህ መርጫው፣ ጎርፉና የዓሣው ዕንቁላል በአንድ ወር ይገናኛሉ። ከቦንጋ ዙሪያ የሚነሳው ውሃ ጎጀብ ይገባል፣ ጎጀብ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠምደው የዳሰነች ሰው አዲዮ ደጋ ላይ ያለውን የድንች ማሳ አይቶት አያውቅም።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይሄ ኤክስተርናሊቲ ይባላል። የጠርሙሱ ዋጋ ውስጥ የፋብሪካው ወጪ አለ፣ የማጓጓዣው አለ፣ የነጋዴው ትርፍ አለ፤ የወንዙ ግን የለም። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። ድንቹ በሳምንት ውስጥ ሲጠቁር እያየ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ማን ይጠብቅበታል? በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ሲመታ መንግሥት ራሱ ፀረ-ፈንገስ ፍለጋ ተሯሩጧል።

ካፋ ግን እጁ ላይ ሌላ መልስም አለው። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲታይ የጅማ ተመራማሪዎች በመርጫ ብቻ አልተወሰኑም፤ ጫካ ገቡ። በሽታው ያልበገራቸውን እናት ዛፎች ለይተው አወጡ፤ ዛሬም ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ቡናዎች ከዚያ ዘመን የመጡ ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ከኢሉባቦር። ያ የደን ሀብት ካፋ ውስጥም አለ፤ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ሃይንና ጋትስቫይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ደን ቡናን የዘር ሀብት ሲተምኑ፣ በሽታ መቋቋሙን ጨምሮ፣ በ10 በመቶ ቅናሽ ሲሰላ 420 ሚሊዮን ዶላር፣ በ5 በመቶ ሲሰላ ደግሞ 1.458 ቢሊዮን ዶላር አድርሰውታል። በሽታ የሚቋቋም ዛፍ ማለት ያልተገዛ ጠርሙስ ማለት ነው። ያልተገዛ ጠርሙስ ደግሞ ምንጭ ዳር አይታጠብም።

ገበያውም ይህን ያያል። ጃፓን በ2008 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ-ነፍሳት ቅሪት አገኘሁ ብላ ግዢውን ስትገታ ጥርጣሬው ያረፈው ማሳው ላይ ሳይሆን ጆንያው ላይ ነበር፤ ገዢ ግን ጆንያና ማሳ አይለይም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ድንች ላይ በብዛት የሚረጨውን ማንኮዜብን ፈቃዱን አላድስም ብሏል።

እኛስ? የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለን። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ጎሎ የማየው ጅረት ዳር የሚቆም ሰው ነው። ከጅረቱ ግራና ቀኝ ጥቂት ሜትር ሣርና ቁጥቋጦ መተው፣ መርጫውን ማሳው ውስጥ አጥቦ እጣቢውን እዚያው መርጨት፣ ዝናብ ሲያንዣብብ አለመርጨት፤ አንዱም ዶላር አይጠይቅም።

ቤተሰባችሁ ገበሬ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ስትሄዱ ጠርሙሱን አገላብጡት። ቀይ ጠርዝ ባለው አራት ማዕዘን ውስጥ የደረቀ ዛፍና የተገለበጠ ዓሣ የተሣለበት ከሆነ፣ ያ ሥዕል ለውሃ ፍጥረት መርዝ ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሱትና የንጥረ ነገሩን ስም ፈልጉ፤ መጨረሻው «ስትሮቢን» ከሆነ የብርብራውን ሞተር አስታውሱ። ከዚያ አባታችሁን መርጫውን የት እንደሚያጥቡት ጠይቋቸው።