የአሉሚኒየም ሪቬትና ብሎን፦ መዶሻና እሳት የሚሰጡት ጥንካሬ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አጋሮ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ቡና የሚያመላልስ የጭነት መኪና አካሉ እየተጠገነ ነበር። ሠራተኛው የአሉሚኒየም ሪቬቱ «ደርቆ አልመታ አለኝ» ብሎ በጋዝ እሳት አሞቀውና መታው። እውነትም ቶሎ ተመታ። ከአንድ ወር በኋላ ግን መኪናው ሪቬቶቹ ላልተው ተመለሰ። ለመሆኑ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ንጹህ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ሌላ ማዕድን ከተቀየጠበት በኋላ ይበልጥ የሚጠነክረው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ሳይሞቅ መቅጥቀጥ ነው። እስቲ ቀጭን የአሉሚኒየም ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ እጠፉ። መጀመሪያ እሺ ይላል፣ ቆይቶ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። በታጠፈ ቁጥር በክሪስታሉ ውስጥ ዲስሎኬሽን የሚባሉት የአተም መስመር መዛባቶች ይበዛሉ፤ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉም መንሸራተት ያቅታቸዋል። የብሎን ጥርስ ከመቆረጥ ይልቅ በሮለር ተጭኖ ሲወጣ የሚጠነክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1906 የደረሰበት ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ነው። ለምሳሌ 2024 የሚባለው ቅይጥ 4 በመቶ ገደማ መዳብ አለው። ወደ 495 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መዳቡ ይሟሟል። ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደተሟሟ ይቀራል፤ ቅይጡም ለጊዜው ለስላሳ ነው። ከዚያ መዳቡ እየተሰባሰበ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ይፈጥራል፤ እነሱም የዲስሎኬሽኑን መንገድ ይዘጋሉ። 2024 በክፍል ሙቀት በ4 ቀን ገደማ ይጠነክራል። 6061 ግን ምድጃ ይፈልጋል፦ በ160 ዲግሪ 18 ሰዓት ያህል። የመሳብ ጥንካሬውም ከ125 ወደ 310 ሜጋፓስካል ገደማ ያድጋል። ቡና ሲቆላ ሰዓቱ ካለፈ እንደሚያር ሁሉ፣ እዚህም ቅንጣቶቹ ከመጠን በላይ ካደጉ ቅይጡ መልሶ ይለሰልሳል።

ሁለቱን መንገዶች ማጣመርም ይቻላል። 6262 የሚባለው የዳዶ ቅይጥ በምድጃ ከጠነከረ በኋላ ሳይሞቅ ይሳባል፤ ይህ ቲ9 ይባላል።

አሁን ወደ አጋሮው ሠራተኛ እንመለስ። የአውሮፕላን ጠጋኞችም የ2024 ሪቬትን ከመምታታቸው በፊት ያሞቁታል! ልዩነቱ እነሱ ሙቀቱን ለክተው፣ ውሃ ነክረው፣ እንዳይጠነክር ፍሪዘር ውስጥ ማቆየታቸው ነው። ካወጡት በኋላም ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይመቱታል፤ ከተመታ በኋላ ራሱ ይጠነክራል። በጋዝ እሳት ያለ መለኪያ የሞቀና ቀስ ብሎ የበረደ ሪቬት ግን በመዶሻም ሆነ በምድጃ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል፤ መልሶም አያገኘውም። ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ትንሽ ካለፈ ደግሞ 2024 ከውስጥ መቅለጥ ይጀምራል።

እንግዲህ ሠራተኛው ማሞቁ ብቻውን ጥፋት አልነበረም፤ ዲግሪውን፣ ውሃውንና ሰዓቱን አለማወቁ ነው። እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ለልምምድ ጋራዥ ስንወጣ ይህችን እውቀት ይዘን ብንሄድ ለሠራተኛውም ለተሳፋሪውም እንጠቅማለን እላለሁ።