ከንድፉ የወጣው ልጅ

ለሟች ሐውልት ሊያሠራ ለመጣ ሰው ቀራጺው መጀመሪያ የሚያሳየው ድንጋይ አይደለም፤ በእርሳስ የተነደፈ ወረቀት ነው። ድንጋይ አንዴ ከተጠረበ አይመለስም፤ እርሳስ ግን ይፋቃል፣ ይታረማል። የስሙ ቦታ፣ የትከሻው መስመር፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት፣ ሁሉም የሚወሰነው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ምን እንደሚቀር መወሰኑ ነው። ይህን ከጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ ከኬተ ኮልቪትስ (1867–1945) በላይ ያሳየኝ የለም። ለልጇ ያሰበችው መታሰቢያ ድንጋይ ሆኖ እስኪቆም ወደ 18 ዓመት ፈጅቶባታል።

እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ልጇ ፔተር ገና 18 ዓመቱ ነበር። ለመዝመት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ሐኪሙ አባቱ ካርል ግን እምቢ አለ። ባሏን ለምና ያግባባችው እናትየው ናት። ልጁ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቤልጂየም ውስጥ በዲክስሞይደ አቅራቢያ ወደቀ። ይህን ሳያውቅ ሐውልቱን ያየ ሰው ግማሹን ብቻ እንዳየ እቆጥረዋለሁ።

የመጀመሪያ ሐሳቧ እንዲህ ነበር፦ ልጁ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ አባት በራስጌው፣ እናት በግርጌው ናቸው። ሐውልቱ ለፔተር ብቻ ሳይሆን በፈቃዳቸው ዘምተው ለወደቁት ወጣቶች ሁሉ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። ዓመታት ለፋችበት፤ አልሆን ሲላት በ1919 ተወችው።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ስትመለስበት ልጁ ከንድፉ ወጥቷል። የቀሩት ተንበርካኪ እናትና አባት ብቻ ናቸው። በ1926 ከባሏ ጋር ሄደው መቃብሩን በዓይናቸው አዩ። እኔ እንደሚገባኝ፣ ልጁ እዚያው አፈር ውስጥ ስላለ በድንጋይ ዳግመኛ ማስተኛት አላስፈለጋትም።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በእንጨት ቀርጻ ባተመችው «ወላጆቹ» በተሰኘ ሥራዋ ባልና ሚስት ተቃቅፈው አንድ ጥቁር አካል ሆነዋል፤ አባት ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፣ እናት እሱ ላይ ተደፍታለች። በሐውልቱ ላይ ግን ተለያዩ። ሁለቱም የየራሳቸው መቆሚያ መደብ አላቸው፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። አባት ቀጥ ብሎ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ራሱን አጥብቆ ይዟል። እናት ጎንበስ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላ የመሰለ ልብሷን ወደ ሰውነቷ ሰብስባለች። ፊቶቹ የራሷና የካርል ናቸው። ልጅ የሞተበት ቤት ያየ ሰው ይህን ርቀት ያውቀዋል፤ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ እያንዳንዱ ሐዘኑን ለብቻው ይሸከማል። በእኔ ፍርድ ከተቃቀፉት ይልቅ የተለያዩት እውነተኛ ናቸው።

ከወረቀት በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው፤ ጭቃ፣ ከዚያ ጄሶ፣ በመጨረሻም ልኩን ከጄሶው እየወሰዱ ግራናይት የሚጠርቡ ባለሙያዎች። ሐውልቶቹ በ1932 ፔተር በተቀበረበት በሮገቬልደ ቆሙ፤ በኋላ መቃብሮቹ ሲዛወሩ አብረው እዚያው ቤልጂየም ወዳለው ወደ ፍላድስሎ መካነ መቃብር ሄዱ። ዛሬ እዚያ ከ25,000 በላይ ወታደሮች ያረፉ ሲሆን፣ የፔተር ስም ያለበት ድንጋይ ከአባቱ ሐውልት ፊት ነው።

ጀርመን ለሚኖር አንባቢ ከፍላድስሎ ይልቅ ኮሎኝ ቅርብ ናት። በቦምብ በፈረሰው የቅዱስ አልባን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሁለቱ ሐውልቶች ቅጂ አለ፤ በዚያው ከተማ በስሟ የተሰየመው ሙዚየምም ብዙ ንድፎቿን ይዟል። መጀመሪያ ንድፎቹን፣ ከዚያ ድንጋዮቹን ማየት ይሻላል።