የነጋዴ ማስታወሻ በስልክና በኮምፒዩተር

ነጋዴ ያለ ማስታወሻ አይውልም። የደንበኛው ትእዛዝ፣ የመጋዘኑ ቆጠራ፣ የላኪው ዋጋ፣ ይህ ሁሉ ወደ መዝገብ ከመግባቱ አስቀድሞ የሚያርፈው በእጅ ባለች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። ዛሬ ያቺ ወረቀት ወደ ስልክ ተዛውራለች፤ በስልክ የተጻፈው ቃል ወዲያው በቢሮው ኮምፒዩተርና በባልደረባ ስልክ ላይ እንዲታይ የሚያደርጉ መተግበሪያዎችም በርክተዋል። ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ለሚያስቡ ክቡራን ነጋዴዎች፣ በጸሐፊነት ሥራዬ የደረሰብንን አስቀድሜ ላውጋ።

የምሠራላቸው ነጋዴ የመኪና ጎማ አስመጪ ናቸው። ቢሯቸው መርካቶ፣ መጋዘናቸው ቃሊቲ፣ ዕቃ ገዝቶ የሚልክላቸው ወኪል ዱባይ ነው። እኔ፣ የመጋዘኑ ሠራተኛና ወኪሉ በጋራ የምንጽፍበት አንድ የትእዛዝ ማስታወሻ ነበረን። አንድ ቀን ጠዋት የመጋዘኑ ሠራተኛ ጉድለቱን ቆጥሮ፣ መስመር በተቋረጠበት ሰዓት፣ 210 ብሎ በስልኩ ጻፈ። ከቀትር በኋላ እኔና አሠሪዬ ያለንን ገንዘብ አይተን በዚያው ስፍራ 120 ብለን ጻፍን። ማታ መስመሩ ሲመለስ የጠዋቱ ቁጥር መጥቶ የእኛን ሻረው፤ ወኪሉም ያየውን ገዛ። ትርፉ 90 ጎማ የመጋዘን ቦታ ይዞ፣ ገንዘብም አስሮ ለወራት ተቀመጠ። አሠሪዬ ሰው መቆጣት አይወዱም፤ «ደብተሩ ይሻለን ነበር» ማለታቸው ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የመተግበሪያውን ስም አላነሣም፤ ሳንፈትን የያዝነው እኛ ነንና።

ፈተናው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንዱን ማስታወሻ በሁለት ስልክ ክፈቱ፤ የሁለቱንም መስመር ዝጉ፤ በየስልኩ የተለያየ ቁጥር ጽፋችሁ መስመሩን መልሱ። ደኅናው መተግበሪያ ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ወይም የቀድሞውን ገጽ አስቀምጦ ይቆያል። አንዱን በዝምታ የሚያጠፋ ከሆነ ለሱቅ አስቤዛ እንጂ ለትእዛዝ አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ መሰንበቱን የሚያስታውስ ሰው ይህን ፈተና ትርፍ ድካም አይለውም።

ጎግል ኪፕ በነጻ የሚገኝና ለአጭር ዝርዝር የሚመች ነው፤ ለረጅም ጉዳይ ግን ይጠብባል። የአፕል ማስታወሻ ለአንድሮይድ ስልክ አልተሠራም፤ ስለዚህ ሠራተኛው የያዘውን ስልክ ሳያዩ መምረጥ አይገባም። ኖሽን ሠንጠረዡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያለ መስመር መሥራት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ነው፤ ገጹም አስቀድሞ በስልኩ ላይ ካልወረደ አይከፈትም። ኤቨርኖት በ2023 በነጻ ለሚጠቀሙት 50 ማስታወሻና 1 ደብተር ብቻ ወሰነ። ከዚያ በላይ የፈለገ መክፈል ነበረበት፤ እንዲህ ያለው ክፍያ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ጽሑፋችሁን አውጥታችሁ ወደ ሌላ ለመውሰድ መቻላችሁን በመጀመሪያው ቀን መርምሩ።

እኛ በመጨረሻ ያደርነው በማይክሮሶፍት ዋንኖት ነው። በዊንዶውስም በአንድሮይድም ይሠራል፤ እንደ ደብተር በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ ሲጋጩም የተጋጨውን ገጽ ለይቶ ያሳያል። ሆኖም በመሣሪያው ብቻ አልተማመንንም፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ቆጠራውን በራሱ ገጽ ላይ ከነቀኑ ይጽፋል፣ የትእዛዙን ቁጥር የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ዓርብ ማታ ገጹን በወረቀት አትሜ በፋይል አኖራለሁ። አሠሪዬ የሚያነቡት ያንኑ ወረቀት ነው።