ደጋው ሲቀዘቅዝ ፔካ 12 ለምን ይግላል? የክረምት ትንበያ ለቆላ ሰው የሚነግረው

በሰኔ ወር ከአዲስ አበባ ጭነት ለማምጣት የሚነሳ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ጃኬት ደርቦ መሪ ይጨብጣል። በጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ ፔካ 12 ሲደርስ ደግሞ ከተሳቢው ሥር ጥላ ይፈልጋል። ወሩ ያው ሰኔ ነው፤ ወቅቱም በአማርኛ ያው «ክረምት» ይባላል። ቃሉ ከደጋ ይዞት የመጣው ዝናብና ብርድ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ የኪሎ ሜትር ምልክትን ከሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ነው። ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች ወደ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁበት፣ የሚያድሩበትና መኪና የሚያስጠግኑበት ሰፈር ነው። ደገኛው «የዘንድሮ ክረምት እንዴት ነው?» ሲል ስለ ዝናብ መጠየቁ ነው። እዚህ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነፋሱ ነው።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በጅቡቲ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከባሕር፣ ከምሥራቅ ይመጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ግን ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራ የተሞላ ነፋስ ከምዕራብ፣ ከየብሱ በኩል ይነሳል። በሐምሌ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ነፋሱ የሚመጣው ከቀዝቃዛው ደጋ አቅጣጫ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መጋሉ ግር ሊያሰኝ ይችላል። ምክንያቱ ቁልቁለቱ ነው። ከከፍታ የሚወርድ አየር በዙሪያው ያለው ግፊት ስለሚጨምር ይታመቃል፤ የታመቀ አየር ደግሞ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ሲነፉበት እንደሚግለው ሁሉ ይሞቃል። ደረቅ አየር 1,000 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በመካከሉ የሚያልፈው ደግሞ በአፋር ቆላ ላይ ነው። በሰሜን አፋር የሚገኘው ዳሎል እ.አ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህም ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው።

<b>«ከመደበኛው በላይ» ሲባል</b>

ለምሥራቅ አፍሪካ የወቅት ትንበያ የሚያወጣው ኢክፓክ የተባለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ነው። ኢጋድ ራሱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። ማዕከሉ ከየአገሩ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር በመሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን ወራት የሚመለከተውን ትንበያ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይፋ ያደርጋል።

ትንበያው «ሐምሌ 10 ቀን 44 ዲግሪ ይሆናል» አይልም፤ ሊልም አይችልም። የሚናገረው ዕድልን ነው። ያለፉት 30 ዓመታት ክረምቶች ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ተደርድረው በሦስት እኩል ምድቦች ይከፈላሉ፤ አሥሩ ቀዝቃዛ፣ አሥሩ መካከለኛ፣ አሥሩ ሞቃት። ምንም ተጨማሪ መረጃ ባይኖር እያንዳንዱ ምድብ 33 በመቶ ገደማ ዕድል ይኖረዋል። ካርታው ለአንድ አካባቢ «ከመደበኛው በላይ ሙቀት፣ 60 በመቶ» ካለ፣ መጪው ክረምት ከሞቃቶቹ አሥር ጋር የመመደብ ዕድሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። 60 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ይኖራል ማለት ግን አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

በተጨማሪም መለኪያው እንደየቦታው ይለያያል። ለደብረ ብርሃን ከመደበኛው በላይ የሆነ ሙቀት ደስ የሚል ቀን ሊሆን ይችላል። መደበኛው ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ለሆነበት ፔካ 12 ግን አንድ ዲግሪ ብቻ መጨመሩ የሰውነትን አቅም የሚፈታተን ነው።

<b>ሐሩርና ወበቅ</b>

ቴርሞሜትር ብቻውን የማይናገረው ነገር አለ። አማርኛ ሐሩርና ወበቅ ብሎ መለየቱ በሕክምናም ትክክል ነው። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። ካምሲን በሚነፍስበት ቀን ላቡ ወዲያው ይደርቃል፤ ሰውየው ማላቡን ሳያስተውል ብዙ ውሃ ያጣል። ነፋሱ ቆሞ የባሕሩ እርጥበት ሲገባ ደግሞ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ቴርሞሜትሩ ዝቅ ቢልም አደጋው ሊከፋ ይችላል።

አንድ አሽከርካሪ ወይም ረዳት ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ጉዳዩ ድካም ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ውሃ እያርከፈከፉና እያራገቡ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል። ከ40 ዲግሪ በላይ ደረቅ አየር ላይ ማራገቢያ መክፈት ግን ቆዳው ካልረጠበ በቀር ሙቀቱን ሊያብስ ይችላል።

ማራገቢያው የሚዞርበት ኤሌክትሪክ ደግሞ ነገሩን ወደ ደጋው ክረምት ይመልሰዋል። እ.አ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው፣ ከድሬዳዋ የሚነሳው የኃይል መስመር የሚያርፈው እዚያው ፔካ 12 ባለው ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያ የምታመነጨው ኃይል በአብዛኛው ከውሃ በመሆኑ፣ ደጋው ላይ በዝናብ ወራት ግድብ የሚሞላው ውሃ በጅቡቲ ቤቶች ውስጥም ማቀዝቀዣ ያንቀሳቅሳል። ጅቡቲም በበኩሏ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ እ.አ.አ. በ2023 መርቃለች።

ስለዚህ የትንበያው የዝናብ ካርታም ለፔካ 12 ባዕድ አይደለም። ኤል ኒኞ የክረምቱን ዝናብ ሲያሳንስ፣ እ.አ.አ. በ2015 እንደታየው፣ «ካርማ» የተባለውን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚጠብቀው የአፋር አርብቶ አደር ይጎዳል። ዝናቡ ሲበዛ ደግሞ፣ በ2020 እንደሆነው፣ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰዎችን ያፈናቅላል። ወደ ሚሌና ሰመራ የሚወስደውን መንገድ ለሚይዝ አሽከርካሪ ከመነሳቱ በፊት ስለ ጎርፍ ማጣራት እንደ ነዳጅ የሚቆጠር ነው።

መስከረም ሲጠባ ደጋው ይጠራል፤ ፔካ 12 ላይ ግን ሙቀቱ ገና አልወጣም። ካምሲን እየደከመ የባሕሩ እርጥበት የሚመለሰው በዚሁ ወር ስለሆነ፣ ለአዲስ ዓመት ቤቱ ከርሞ የተመለሰ አሽከርካሪ የሚቀበለው ወበቁ ነው። አየሩ በእርግጥ የሚለዝበው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው።